የኦአርኤስ ስኳር ለጉልበት ነው ወይስ ለጨው? ጥያቄውና የተሰጡት ምላሾች

በአንድ የውይይት መድረክ ላይ ክሩን የከፈተው የ11ኛ ክፍል ባዮሎጂ መምህር ነው። በሕዋስ ሽፋን በኩል ስለሚደረግ ዝውውር ሲያስተምር፣ ለተቅማጥ በውኃ ተበጥብጦ በሚሰጠው የስኳርና የጨው ዱቄት፣ በኦአርኤስ፣ ውስጥ ግሉኮስ ለምን እንደገባ ተማሪዎቹ ጠየቁት። የሰጣቸው መልስ ብዙዎቻችን ስንሰማው የኖርነው ነው፦ በሽተኛው ስለደከመ ስኳሩ ጉልበት ይሰጠዋል፣ ጨዉ ወደ ደም ሲገባ ደግሞ ውኃው በኦስሞሲስ፣ ማለትም የሟሟ ነገር ወደ በዛበት በኩል በመሳብ፣ ይከተለዋል። ከዚያ ለመድረኩ ሁለት ጥያቄ አቀረበ። መልሱ ሙሉ ነው ወይ? ስኳሩ ለጉልበት ብቻ ከሆነስ፣ የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ጨውና ውኃ ብቻ በጥብጦ መስጠት አይሻልም ወይ? ሁለተኛው ጥያቄ የሰው ሕይወት ያለበት ስለሆነ ምላሾቹን በየተራ ቁጥራቸው አስፍሬአቸዋለሁ። የተደጋገመውን አሳጥሬ ፍሬ ያለበት ላይ ቆይቻለሁ።

ምላሽ 1 መምህሩን አመስግኖ ተስማማ። የበላው ሁሉ ወጥቶበት ለተዳከመ ሰው ስኳር ግድ ነው፣ ለተማሪም በቀላሉ የሚገባ ማብራሪያ ነው ብሎ አለፈ።

ምላሽ 2 የፋርማሲስት ነው፤ በትሕትና፣ ግን በቁጥር አረመችው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2002 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሚመክረው ቀመር የአንድ ሊትር ፓኬት 20.5 ግራም ይመዝናል፦ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም ሶዲየም ክሎራይድ፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ፣ 2.9 ግራም ትራይሶዲየም ሲትሬት። ከ13.5 ግራም ግሉኮስ የሚገኘው ጉልበት ወደ 50 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ነው፣ ለዚያውም ሙሉ ሊትር ተጠጥቶ። የቀድሞው ቀመር 20 ግራም ግሉኮስ ነበረው። ዓላማው ጉልበት ቢሆን ኖሮ ስኳሩን ይጨምሩት ነበር እንጂ አይቀንሱትም ነበር። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብቻውን ክርክሩን ሊዘጋው ይችል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ምላሽ 3 ግን ነገሩን ከሥሩ አወጣው። ጸሐፊው ባዮኬሚስትሪ የሚያስተምር ሰው ነው። ሶዲየም ቻርጅ ስላለው በቅባት የተሠራውን የሕዋስ ሽፋን በራሱ አያልፍም፤ በር ይፈልጋል። በትንሹ አንጀት ሕዋስ ላይ፣ ምግብ በሚያልፍበት በኩል፣ ኤስጂኤልቲ1 የተባለ ፕሮቲን አለ። ሁለት ሶዲየምና አንድ ግሉኮስ ሲይዙት ቅርጹን ለውጦ ሦስቱንም አንድ ላይ ያስገባቸዋል። ግሉኮስ ከሌለ ሶዲየሙ በዚህ በር አይገባም፤ ሶዲየም ከሌለም ግሉኮሱ ደጅ ይቀራል። ከገቡ በኋላ መንገዳቸው ይለያያል። ግሉኮሱ ወደ ደም በሚያመራው የሕዋሱ ጀርባ፣ ግሉት2 በተባለው ፕሮቲን በኩል፣ ያለ ተጨማሪ ጉልበት ይወጣል። ሶዲየሙን የሚያስወጣው የሶዲየም-ፖታሲየም ፓምፕ ሲሆን በአንድ ኤቲፒ (ሕዋስ ጉልበት የሚያገኝበት ሞለኪውል) ሦስት ሶዲየም አውጥቶ ሁለት ፖታሲየም ያስገባል።

ኤቲፒ ወጪ የሚሆነው እዚያ ጀርባ ላይ ነው፣ ግሉኮሱ የሚገባው ደግሞ በፊት ለፊት። ተማሪ የሚምታታውም እዚህ ላይ ስለሆነ መላሹ ጊዜ ሰጥቶ አስረዳው። ፓምፑ የሕዋሱን ሶዲየም ያለማቋረጥ ስለሚያሳንስ ከአንጀት በኩል ያለው ሶዲየም ለመግባት ይገፋል። ግድብ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ተርባይን እንደሚያዞር ሁሉ፣ ይህ ግፊት ግሉኮሱን ይዞት ይገባል። ለዚህ ነው የግሉኮሱ ዝውውር ሁለተኛ ደረጃ አክቲቭ ትራንስፖርት የሚባለው። ሶዲየሙና ግሉኮሱ በሕዋሶቹ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ሲጠራቀሙ ውኃው በኦስሞሲስ ይከተላል፤ ስለዚህ ስለ ኦስሞሲስ መምህሩ ልክ ነው። የቀረው ጨዉ እንዴት እንደሚገባ ማስረዳት ነበር። የሶዲየምና የግሉኮስን ጥምር ጉዞ ሐሳብ ያቀረበው ሮበርት ክሬን ሲሆን ያቀረበውም በነሐሴ 1960 እ.ኤ.አ. በፕራግ በተደረገ ጉባኤ ላይ ነው።

ምላሽ 4 የአንድ ማስተርስ ተማሪ አጭር ስሌት ነው። ሶዲየም ከሕዋሱ ውጭ ከውስጡ 10 እጥፍ ቢሆንና የሽፋኑ ቮልቴጅ 60 ሚሊቮልት ያህል ኔጌቲቭ ቢሆን፣ አንድ ሶዲየም ይዞት የሚመጣው ግፊት ግሉኮሱን ወደ 100 እጥፍ ማከማቸት ይችላል። ሁለት ሶዲየም ሲሆን 100 በ100 ይባዛና 10,000 እጥፍ ይደርሳል። ይህ ጣሪያው ነው፤ ግሉኮሱ በጀርባ ስለሚወጣ በተግባር እዚያ አይደርስም። አንጀት የመጨረሻዋን የግሉኮስ ቅንጣት እንኳ ጠርጎ የሚያስገባበት ምክንያት ይኸው ነው።

ምላሽ 5 ተጠራጣሪ ነው፣ ጥርጣሬውም ተገቢ ነበር። ጤነኛ ሰው ስኳር የሌለው ጨዋማ ውኃ ቢጠጣ ይመጠጥለታል፤ ሶዲየምን በሃይድሮጅን የሚለውጠው ኤንኤችኢ3 የተባለ ፕሮቲን አለ፣ በትልቁ አንጀት ደግሞ የራሱ የሶዲየም ቻናል አለ። ታዲያ ጨው ብቻውን አይበቃም የሚባለው በምን ማስረጃ ነው ብሎ ጠየቀ።

መልሱን ምላሽ 6 ሰጠ፤ ለእኔ የክሩ ልብ እዚህ ነው። የኮሌራ መርዝ ሕዋሱ ውስጥ ሲገባ የመርዙ አንድ ክፍል ጂኤስ በተባለው ፕሮቲን ላይ ኤዲፒ-ራይቦስ የተባለ ሞለኪውል ይለጥፍበታል። ጂኤስ በተለመደው ጊዜ በርቶ ራሱን የሚያጠፋ ነው፤ ከተለጠፈበት በኋላ ግን መጥፋት ያቅተዋል። ጂኤስ የሚያነቃው አዴኒሊል ሳይክሌዝ የተባለ ኤንዛይም ያለ ልክ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለ መልእክተኛ ሞለኪውል ያመርታል፣ ያም ሲኤፍቲአር የተባለውን የክሎራይድ በር ያስከፍታል። ክሎራይዱ ወደ አንጀት ይፈሳል፣ ሶዲየምና ውኃ ይከተሉታል። በጠና በታመመ አዋቂ ላይ ይህ በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ሊደርስ ይችላል። በዚያው ጊዜ ይኸው ሳይክሊክ ኤኤምፒ ምላሽ 5 የጠቀሰውን ኤንኤችኢ3 ያፍነዋል። ኤስጂኤልቲ1ን ግን አይነካውም። ጤነኛ ሰው ላይ ከብዙ በሮች አንዱ የነበረው፣ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) በያዘው ሰው ላይ ዋናው ክፍት በር ይሆናል፤ እሱም ያለ ግሉኮስ አይሠራም። ምላሽ 5 አመስግኖ ጥያቄውን ተወ።

ምላሽ 7 ከጤና ጣቢያ ነርስ የመጣ ነው፤ ወሬውን ከሞለኪውል ወደ አልጋ አወረደችው። በምላሽ 6 እንደተባለው የመርዙ ሥራ ስለማይቆም ኦአርኤስ ተቅማጡን አያቆምም፤ የወጣውን ይተካል እንጂ። እናቶች መስጠት የሚያቆሙት ብዙ ጊዜ ልጁ አሁንም ስለሚያስቀምጠው መድኃኒቱ አልሠራም ብለው ነው፣ ይህን ቀድሞ መንገር ያስፈልጋል አለች። ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ካስቀመጠው በኋላ በእያንዳንዱ ጊዜ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይሰጠዋል። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቆ፣ ከዚያ በማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው። ጡት የሚጠባ ልጅ ጡቱን አይከለከልም። ዚንክ ከ6 ወር በታች 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ 20 ሚሊ ግራም በቀን፣ ከ10 እስከ 14 ቀን።

ዓይኑ የጎደጎደ፣ የፈዘዘና መጠጣት የማይችል፣ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ከሁለት ሰከንድ በላይ ቆይቶ የሚመለስ ልጅ በአፍ የሚጠበቅ አይደለም፣ ፈጥኖ በደም ሥር ፈሳሽ ማግኘት አለበት። እዚህ ላይ ጠንከር አለች፦ ሰው ሁሉ ግሉኮስ ተሰካለት ቢልም መሰካት ያለበት ሪንገር ላክቴት ነው። 5 ፐርሰንት ዴክስትሮስ (ያው ግሉኮስ ነው) ብቻውን ሶዲየም ስለሌለው የጠፋውን ጨው አይተካም።

በምላሽ 8 ነገሩ ጦፈ። ጸሐፊው ምላሽ 3ን ይዞ፣ በሩ ሁለት ሶዲየም ለአንድ ግሉኮስ የሚያስገባ ከሆነ አንድ ሊትር ኦአርኤስ ውስጥ 75 ሚሊሞል (የቅንጣት ብዛት መለኪያ) ሶዲየምና 75 ሚሊሞል ግሉኮስ እኩል የተደረገው ለምንድን ነው አለ። ወይ የበሩ ታሪክ ስሕተት ነው ወይ ቀመሩ፣ ሁለቱም እውነት ሊሆኑ አይችሉም ብሎ ደመደመ፤ መጽሐፍ የሚሸመድዱ መምህራን ላይም አንድ ሁለት ቃል ወረወረ። የምላሽ 3 ጸሐፊ በምላሽ 9 ተመልሶ መጣና፣ እስከዚያ እርስዎ ሲል የነበረውን ትቶ አንተ እያለ ገሠጸው። በአንድ ፕሮቲን ላይ ያለ ሬሾንና በባልዲ ውስጥ ያለ ክምችትን የሚያምታታ ሰው ሌላውን መሸምደድ ብሎ ሊሰድብ አይገባም አለ። ትክክል ነበር፣ ግን በንዴቱ ማስረዳቱን ረሳው።

ምላሽ 10 ሁለቱንም ወንድሞቼ ብሎ አበረዳቸውና ማስረዳቱን ወሰደ። አንጀት የተዘጋ ቱቦ አይደለም። በቀን ከምንጠጣው ሁለት ሊትር ያህል ሌላ ምራቅ፣ የጨጓራ፣ የሐሞት፣ የቆሽትና የራሱ የአንጀት ፈሳሽ ተጨምሮ ወደ 9 ሊትር ይገባበታል፤ አብዛኛው ሶዲየም የያዘ ነው። ስለዚህ በሩ የሚጠቀመው ሶዲየም ከፓኬቱ ብቻ የሚመጣ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርትም ወሰን ነው የሚሰጠው፦ ሶዲየም ከ60 እስከ 90 ሚሊሞል፣ ግሉኮስ ከሶዲየሙ የማያንስ ግን ከ111 የማይበልጥ፣ ጠቅላላው የሟሟ ቅንጣት ከ200 እስከ 310፣ ሁሉም በሊትር። ግሉኮስ ካነሰ ሶዲየሙ ተሸካሚ ያጣል። ከበዛ ደግሞ ያልተመጠጠው አንጀት ውስጥ ቀርቶ ውኃ ከደም ይስባል፣ ተቅማጡን ያባብሰዋል። ለስላሳ መጠጥ ለተቅማጥ የማይሆነውም ለዚህ ነው፤ በሊትር 100 ግራም አካባቢ ስኳር አለው፣ ሶዲየሙ ግን ከቁጥር አይገባም። የቀድሞው ቀመር ጠቅላላ 311 ነበር፣ የአሁኑ 245 ነው። ኮሌራ ባልሆነ ተቅማጥ በታመሙ ልጆች ላይ ሲነጻጸር፣ በአዲሱ ቀመር በደም ሥር ፈሳሽ የሚያስፈልጋቸው በሲሶ ያህል ቀንሰዋል። ምላሽ 8 ከዚህ በኋላ አልተመለሰም።

ከዚህ ወዲያ ክሩ ወደ አበጣበጥ አመራ፣ ለአንባቢ ብዙ የሚጠቅመውም ይህ ነው። ምላሽ 11 እንዳለው ትልቁ ስሕተት ዕቃው ላይ ነው። የአንድ ሊትር ፓኬት በግማሽ ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲክ ሲበጠበጥ ሶዲየሙ 150፣ ጠቅላላው 490 ይሆናል። የደም ጠቅላላ ክምችት 290 አካባቢ ስለሆነ ይህ ፈሳሽ ውኃ ከሰውነት ይስባል፤ የሕፃን ደም ሶዲየምም ከመጠን በላይ ሊወጣ ይችላል። በሁለት ሊትር ሲበጠበጥ ደግሞ ሶዲየሙ 37 አካባቢ ይወርድና የወጣውን አይተካም። ለ200 እና ለ500 ሚሊ ሊትር የተዘጋጁ ፓኬቶችም ስላሉ መጀመሪያ ጽሑፉን ማንበብ ነው። ከፓኬቱ ግማሹን በግምት ከፍሎ ማስቀመጥ አይሆንም፣ ዱቄቶቹ እኩል ተደባልቀው መውጣታቸው አይታወቅም። ውኃው ቀድሞ ይፈላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ዱቄቱ ይገባል። ከተበጠበጠ በኋላ አይፈላም፣ 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። በወተት፣ በጭማቂ ወይም በለስላሳ አይበጠበጥም፤ ስኳርም አይጨመርበትም።

ምላሽ 12 ፓኬት ባይገኝስ ብሎ የቤቱን ቅልቅል አነሣ፦ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም አፉ ላይ በቢላ ጀርባ የተስተካከለ፣ ያልተቆለለ። ስሌቱንም አብሮ አስቀመጠ። 25 ግራም ያህል ስኳር ወደ 73 ሚሊሞል ሱክሮስ ነው። በአንጀት ሽፋን ላይ ያለው ሱክሬዝ የተባለ ኤንዛይም ሲከፍለው 73 ግሉኮስና 73 ፍሩክቶስ ይሆናል። ሶዲየምን ይዞ የሚገባው ግሉኮሱ ብቻ ነው፤ ፍሩክቶሱ በግሉት5 በኩል ያለ ሶዲየም ይገባል። 3 ግራም ጨው ደግሞ 51 ሚሊሞል ሶዲየም ይሰጣል። ጠቅላላው ከተከፈለ በኋላ ወደ 250 ስለሚጠጋ ለጊዜው ያገለግላል፣ ነገር ግን ፖታሲየምና ሲትሬት የለውም፤ ስለዚህ ፓኬት እስኪገኝ ብቻ ነው። ማንኪያው ከተገለበጠ፣ ማለትም 6 ጨውና ግማሽ ስኳር ከሆነ፣ በሊትር 36 ግራም ጨው ማለት ነው፤ ይህ የባሕር ውኃ ነው፣ ሕፃን ይገድላል። ያልተፈጨ የድንጋይ ጨው በማንኪያ አይለካም፣ ጥራጥሬው ክፍተት ስለሚተው ልኩ ይሳሳታል። ከመስጠት በፊት ቀምሶ ማየት፣ ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ካለ መድፋት ነው።

ምላሽ 13 ከርእሱ ወጣ ብሎ ታሪክ አመጣ፣ እኔ ግን እንዲቀር አልፈልግም። በ1971 እ.ኤ.አ. የባንግላዴሽ ጦርነት ሲነሣ ሕንድ ውስጥ ቦንጋኦን በተባለ ቦታ ስደተኞች በኮሌራ ይረግፉ ነበር። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅ ሐኪሙ ዲሊፕ መሐላናቢስ በሊትር 22 ግራም የንግድ ግሉኮስ፣ 3.5 ግራም የገበታ ጨውና 2.5 ግራም ቤኪንግ ሶዳ አስመዝኖ በፕላስቲክ ከረጢት አሳሸገ፤ ቤተሰብ ራሱ በጥብጦ እንዲያጠጣ አደረገ። 30 በመቶ ደርሶ የነበረው የሟች ቁጥር በእሱ ካምፕ ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። ከእሱ ቀደም ብሎ ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ በ1968 እ.ኤ.አ. ዳካ ላይ በኮሌራ በሽተኞች ላይ አሳይተውት ነበር። ቤኪንግ ሶዳው በኋላ በሲትሬት የተተካው ፓኬቱ ሳይበላሽ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቀመጥ ነው።

ምላሽ 14 የአጥሚት ወዳጅ ነው። ስታርች አሚሌዝ በተባለ ኤንዛይም ቀስ እያለ ወደ ግሉኮስ ስለሚከፈል፣ ብዙ ግሉኮስ በትንሽ ኦስሞላሪቲ (ጠቅላላ የቅንጣት ክምችት) ይሰጣል፤ በሩዝ የተሠራ ኦአርኤስ በኮሌራ ጊዜ የሰገራውን መጠን የሚቀንሰው በዚህ ነው አለ። ነርሷ ወዲያው አንድ ነገር አከለችበት፦ ቀጭን አጥሚት ከኦአርኤስ ጋር ይሰጥ፣ በኦአርኤስ ፋንታ ግን አይሁን፤ ስኳር የበዛበትም አይሁን። ይህ ምላሽ 15 ነው።

ምላሽ 16 ለተጠራጣሪ ሁሉ የሚበቃ ማስረጃ አመጣ። ኤስጂኤልቲ1 በዘር በተበላሸባቸው ሕፃናት ላይ፣ ከተወለዱ ቀናት ጀምሮ በእናት ጡት ወተት ብርቱ ተቅማጥ ይይዛቸዋል፤ የወተቱ ላክቶስ የሚከፈለው ወደ ግሉኮስና ጋላክቶስ ነው፣ ሁለቱም የሚገቡት በዚሁ በር ነው። ለእነዚህ ሕፃናት የተለመደው ኦአርኤስ አይረዳም፣ እንዲያውም ያባብሳል። ግሉኮስና ጋላክቶስ ወጥቶላቸው በፍሩክቶስ የተሠራ ምግብ ሲሰጣቸው ያድጋሉ። ያው መላሽ አያይዞ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከእያንዳንዱ ስኳር ጋር 260 የውኃ ሞለኪውል በዚሁ ፕሮቲን በኩል ያልፋል ማለቱን ጠቀሰና ኦስሞሲስ ተሸነፈ አለ። የምላሽ 3 ጸሐፊ ይህን አልተቀበለም፤ ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ ውጤት በአካባቢ በሚፈጠር ኦስሞሲስ አስረድተውታል፣ ክርክሩ ያልተዘጋ ስለሆነ ለ11ኛ ክፍል የሚሰጠው ኦስሞሲሱ ነው አለ። እኔም በዚህ እስማማለሁ።

ምላሽ 17 የመምህሩን ሁለተኛ ጥያቄ መለሰ፤ እዚህ ድረስ መቆየቱ ያሳዝናል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ተቅማጥ ከያዘው ኦአርኤስ እንዳለ ይሰጠዋል። ስኳሩን ማውጣት በሩን መዝጋት ነው። የደም ስኳሩን ደጋግሞ መለካት ያስፈልጋል፣ ኢንሱሊን የሚወስድም በራሱ ፈቃድ አያቁም። ነገር ግን በስማቸው መጨረሻ ግሊፍሎዚን ያለባቸውን ኪኒኖች የሚወስድ ሰው ፈሳሽ እያጣ ሳለ ሐኪሙን ወዲያው ይጠይቅ፤ ለጊዜው እንዲቆሙ ይመከራል። እነሱ የሚዘጉት የኤስጂኤልቲ1ን ዘመድ፣ ኩላሊት ውስጥ ያለውን ኤስጂኤልቲ2ን ነው፤ ግሉኮስ በሽንት ሲወጣ ውኃም ይዞ ይወጣል። የእነዚህ መድኃኒቶች መነሻ በ1835 እ.ኤ.አ. ከአፕል ዛፍ ቅርፊት የወጣው ፍሎሪዚን ነው።

መምህሩ በምላሽ 18 ሁሉንም አመስግኖ ይህን በክፍል ማሳየት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ምላሽ 19 የላብራቶሪ ሠራተኛ ናት። የዳያሊሲስ ቱቦ ፕሮቲን ስለሌለው ኦስሞሲስንና ዲፊዩዥንን ብቻ እንጂ ኤስጂኤልቲ1ን አያሳይም አለች። ኦአርኤሱን መዝኖ መሥራት ግን ይቻላል። የመደብሩ ግሉኮስ ብዙ ጊዜ ሞኖሃይድሬት፣ ማለትም ውኃ የያዘ፣ ስለሆነ ከ13.5 ይልቅ 14.85 ግራም ይመዘናል። 2.9 ግራም ሲትሬት የሚባለው ዳይሃይድሬቱ ነው፤ ውኃ የሌለው ከሆነ ወደ 2.5 ግራም ይበቃል። ለበሩ ግን በ1954 እ.ኤ.አ. ዊልሰንና ዋይዝማን የጀመሩትን የተገለበጠ አንጀት ሙከራ እንደ ጥያቄ ማቅረብ ይሻላል፦ የእንስሳ ትንሽ አንጀት ውስጡ ወደ ውጭ ተገልብጦ፣ ሁለቱ ጫፍ ታስሮ፣ በውስጡም በውጭውም እኩል ግሉኮስ ተደርጎ፣ በ37 ዲግሪ ኦክስጅን እየተነፋበት ይቀመጣል። ግሉኮሱ ከውጭ እያነሰ ከውስጥ ይጨምራል። በአንዱ ከረጢት ሶዲየሙ በኮሊን ይተካ፣ በሁለተኛው ከውጭ በኩል ፍሎሪዚን ይጨመር፣ በሦስተኛው በኦክስጅን ፋንታ ናይትሮጅን ይነፋ። በሦስቱም ክምችቱ ይቀራል፤ ተማሪው በሦስቱም የቆመው የትኛው እርምጃ እንደሆነ ለይቶ ይጻፍ፦ በመጀመሪያው የበሩ ጓደኛ ጠፍቷል፣ በሁለተኛው በሩ ራሱ ተይዟል፣ በሦስተኛው ለጀርባው ፓምፕ ኤቲፒ አልቆበታል።